የሬሚ ላም

ልጄ ጥያቄውን የወረወረችብኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። ዘመኑ 1998 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ፣ ቤታችን ዲሽ የገባ ሰሞን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሳሎን ስፔስቱን የሚባለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ በርቷል። ከቤተሰባችን ዐረብኛ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የምታውቀው ጎረቤታችን ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች። ካርቱኑ ሊጀምር ሲል ቡናዋን ትታ ትመጣና ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትተረጉማለች። እዚያ ሳለች ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር ጨርሳ ስላየችው የሚመጣውን ታውቃለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ከእኛ አንድ ትዕይንት ቀድማ ነው የምታለቅሰው።

ካርቱኑ «ዱሩብ ሪሚ» ይባላል፤ የሪሚ መንገዶች እንደማለት ነው። ሪሚ የምትባል ልጅ፣ እናቴ ብላ ያደገችባት ሴት የወለደቻት እንዳልሆነች ትሰማለች። የሴትዮዋ ባል ደግሞ ለገንዘብ ሲል አሳልፎ ይሰጣታል። ልጅቱ እያለቀሰች ከመንደሩ ስትወጣ የኔዋ የስምንት ዓመት ልጅ ከሳሎን ተነሥታ መጣችና የማድ ቤቱን በር ይዛ ቆመች።

«እሺ እናቷ ለምን ሄዳ አታመጣትም?»

ያኔ ጥብቅና ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እንጀራዬም በአብዛኛው የውርስ ክርክር ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን መለስኩላት። «መብት የላትማ።»

«እናቷ አይደለች እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ?»

ሽንኩርቱ ለእንባዬ ሰበብ ሆነኝ እንጂ ሌላ የተናገርኩት ነገር ትዝ አይለኝም። እኔም ያልወለደችኝ ሴት ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። እሱን እመለስበታለሁ።

ቆይቼ ነው የካርቱኑን ሥር መሠረት ፈልጌ ያነበብኩት። ሥራው የጃፓኖች ቢሆንም ታሪኩ የፈረንሳይ ነው። ደራሲው ኤክቶር ማሎ እ.ኤ.አ. በ1830 ሩአን ከተማ አጠገብ ላ ቡይ በምትባል ቦታ ተወለደ፤ «ሳን ፋሚ»ን፣ ማለትም «ቤተሰብ አልባ»ን፣ በ1878 አሳተመ። አባቱ ኖተሪ ነበሩ። እኛ ውልና ማስረጃ ሄደን የምናስፈጽመውን ሁሉ፣ ኑዛዜውን፣ ሽያጩን፣ የጋብቻ ውሉን፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚሠሩ ሰው ማለት ነው። ልጁም ወደ ድርሰት ከመግባቱ በፊት ሕግ ተምሯል። ይህን ሳውቅ መጽሐፉ ሌላ መልክ ያዘልኝ። ሰው የልጆች ማስለቀሻ አድርጎ የሚያየውን ታሪክ እኔ እንደ ውርስ መዝገብ ገጽ በገጽ አገላብጠው ጀመር።

ጃፓኖቹ በተከታታይ ክፍል ሁለት ጊዜ ሠርተውታል። የመጀመሪያው በ1977 የጀመረውና ኦሳሙ ዴዛኪ ያዘጋጀው 51 ክፍል ነው፤ ርእሱንም «ቤት የሌለው ልጅ» አሉት። ሁለተኛው ኒፖን አኒሜሽን በ1996 የሠራው ነው። ጎረቤታችን የምትተረጉምልን ይሄኛው ነበር፤ ዋናውን ልጅ ወደ ሴት የለወጠው። በመጽሐፉ ሬሚ ወንድ ነው። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

እንግዲህ መዝገቡ ይህን ይመስላል። ሚሊጋን የሚባል እንግሊዛዊ ባለርስት ሞት አፋፍ ላይ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ገና በጨቅላነቱ። ባለርስቱ ልጅ ሳይኖረው ቢሞት ሀብቱ ሁሉ ወደ ወንድሙ ወደ ጄምስ ሚሊጋን ያልፋል። እናትየው ራሷም ታማ በተኛችበት ሰሞን ሕፃኑ ተሰረቀ። ሰውዬው ሞተ። አጎትየው ርስቱን ሊረከብ እጁን ሲዘረጋ መበለቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች፤ ከወራት በኋላም አርተር ተወለደ። አርተር ግን በሽተኛ ነው፤ ጣውላ ላይ ታስሮ የሚውል ልጅ። አጎትየው ተስፋ አልቆረጠም፤ ቁጭ ብሎ የልጁን ሞት ይጠብቃል።

በእንግሊዝ የዚያ ዘመን ሕግ አባት ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ ለበኩር ወንድ ልጅ ነው የሚሄደው፤ ታናናሾች እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። ይህ የቀረው በ1925 በወጣ ሕግ ነው። ፈረንሳዮቹ ከናፖሊዮን የ1804 ሕግ ጀምሮ ልጆችን እኩል ያካፍሉ ነበርና ማሎ ተንኮሉን ለመሸመን ባሕር ተሻግሮ እንግሊዛዊ ቤተሰብ መፈለጉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። እኩል በሚካፈሉበት አገር አንድን ሕፃን መስረቅ ይሄን ያህል አያዋጣም። በበኩር አገር ግን ያ ሕፃን ሙሉ ርስት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሬሚ ሲገኝ ርስቱን የሚያጣው ክፉው አጎት ብቻ አይደለም። በሽተኛው አርተርም ያጣል፤ በኩሩ መጥቷልና። አርተር ግን ወንድም በማግኘቱ ይደሰታል፣ በቃ። ከሃያ ዓመት በላይ በወንድማማቾች መካከል ስከራከር እንደ አርተር ያለ ተከራካሪ አንድም ቀን አልገጠመኝም።

ሬሚን ወደ ሴት የለወጡት ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ ያሉት አይመስለኝም። በዚያ ሕግ እህት ታላቅ ብትሆንም ወንድም ይቀድማታል። ስለዚህ ሴቷ ሪሚ ብትመለስም ባትመለስም አርተር እያለ የርስቱ ጉዳይ አይነቃነቅም። ይህን ለጎረቤታችን ነግሬአት «ኧረ ተይኝ ጠበቃዋ፣ ካርቱን ነው» ብላኛለች።

የተሰረቀው ሕፃን ፓሪስ አንድ ጎዳና ላይ ተጥሎ ተገኘ። ያነሣው ባርበረን የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። ያነሣውም አዝኖ ሳይሆን ልብሱን አይቶ ነው። ዳንቴል የለበሰ ሕፃን ሀብታም ወላጅ አለው፣ ሀብታም ወላጅ ደግሞ ወሮታ ይከፍላል ብሎ። ሻቫኖን በምትባል የገጠር መንደር ለምትኖረው ሚስቱ ወሰደላት። እሷም አራስ ነበረችና ከራሷ ልጅ ጋር አጠባችው። የራሷ ሞተባት፤ የተገኘው ጡቷ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አማርኛ በፈረንሳይኛው መጽሐፍ የሌለ ቃል አለው፤ የጡት ልጅ። በኛ አገር የጡት ልጅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበር። ጣት ማር ተነክሮ ይጠባል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ከዚያ ወዲያ ዝምድናው በአደባባይ የታወቀ ነው። ኦሮሞዎች ጉዲፈቻ የሚሉት ደግሞ ከዚያም የጠነከረ ሥርዓት ያለው ሲሆን ሕጋችን ቃሉን እንዳለ ወስዶ ተጠቅሞበታል። በማሎ ዘመን የፈረንሳይ ሕግ ግን ለባርበረን ሚስት ምንም አልነበረውም። ጉዲፈቻ የሚባል ነገር በሕጉ ነበር፤ የሚፈቀደው ግን አካለ መጠን የደረሰን ሰው ለመውሰድ ነው፤ ወሳጁም ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነና ልጅ የሌለው መሆን ነበረበት። ዓላማው ወራሽ ላጣ ሀብታም ወራሽ ማበጀት ነው እንጂ ለሕፃን እናት ማበጀት አልነበረም። ፈረንሳይ ሕፃናትን በጉዲፈቻ መውሰድን የፈቀደችው በ1923 ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ በ1926። እንግዲህ እማማ ባርበረን ስምንት ዓመት አጥብታ፣ አብልታ፣ አጥባ ያሳደገችው ልጅ በሕግ ዐይን ምኗም አልነበረም። ለልጄ የሰጠኋት መልስ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ።

ልጁ እንዴት ከእጇ እንደወጣ ደግሞ እዩ። ነገሩ የሚጀምረው በፍርድ ቤት ወጪ ነው። ባርበረን ፓሪስ ሥራ ላይ ሳለ አደጋ ደርሶበት ተጎዳ፤ ኮንትራክተሩን ከሰሰ፤ ለክርክሩ ገንዘብ ላኪልኝ ብሎ ሚስቱን አስጨነቃት። ቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ያለችው ሩሴት ብቻ ናት፣ ላማቸው። ማሎ ድሃ ቤት ላም ምን እንደሆነች ያውቃል፤ ላም ያለው የገጠር ሰው ጠግቦ ባያድርም አይራብም። ሩሴት ተሸጠች፣ ቅቤና ወተት ከቤቱ ጠፋ፣ ክርክሩም ተሸነፈ። ሰውዬው አካሉ ጎድሎ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ወሮታ ሳያስገኝ ስምንት ዓመት የበላ ልጅ ምድጃ ዳር ተቀምጦ አገኘ።

ቪታሊስ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያናዊ ውሻና ጦጣ እያስጨፈረ በዚያ ያልፍ ነበር። ለልጁ 40 ፍራንክ ከፈለ። ማሎ የኖተሪ ልጅነቱ እዚህ ላይ ይታወቅበታል፤ ቪታሊስ ግዢ አላለውም፣ ኪራይ ነው ያለው። ሚስትየዋ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረችም፤ ባልየው ሆን ብሎ አርቋታል። ሬሚ ኮረብታው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ወደ ታች ያያል። አንዲት ነጭ ቆብ ከግቢ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ግቢ ትሮጣለች። ቢጣራም አትሰማውም። የልጄ ጥያቄ እንግዲህ ያን ያህል ፍትሐዊ አልነበረም፤ እናትየው ፈልጋዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንከራተት ባጭሩ ልለፈው፤ ካርቱኑ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያ ነው። በረዶ፣ ተኩላ፣ ረሃብ፣ የቪታሊስ ሞት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግን ልቁም። ሽማግሌው ብርድ ላይ ሲሞት አኬን የሚባል አበባ አብቃይ ሬሚን አንሥቶ ከአራት ልጆቹ ጋር ያኖረዋል። እንደ ልጅ ይበላል፣ እንደ ልጅ ይሠራል። ከዚያ በረዶ የአበባውን የመስታወት ቤት አወደመው፣ ሰውዬው በዕዳ ታሰረ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ልጆቹን ተከፋፈለ። አንዱ ለአጎት፣ አንዷ ለአክስት። ሬሚ ተራው ሲደርስ «አንተ ዘመድ አይደለህም» ተባለ። ያችን ስብሰባ ባነበብኩ ቁጥር የምሰማው የፈረንሳይ ገበሬዎችን ድምፅ አይደለም። ስንት አርባ ወጥቶ በማግስቱ ድንኳን ሥር ተቀምጬ ይህችኑ ቃል ሰምቻለሁ። ቃሏ በክፋት አትነገርም። እንዲያውም ረጋ ብለው፣ አዝነው ነው የሚናገሯት።

ወደ ማስረጃው ልምጣ፤ ጠበቃነቴ እዚህ ላይ አያስችለኝም።

ሬሚ እየተፈለገ መሆኑን ሲሰማ ወደ ለንደን ይሄዳል። እዚያ ድሪስኮል የሚባል ቤተሰብ «ልጃችን ነህ» ብሎ ይቀበለዋል። ሬሚ አልዋጥልህ ሲለው አባት ተብዬውን ይጠይቀዋል፤ ስጠፋ ምን ለብሼ ነበር? ሰውዬው አንድ በአንድ ይቆጥርለታል፤ ሁሉም ልክ ነው። ልጁ ተሸነፈ። ጓደኛው ማቲያ ግን አልተሸነፈም፤ አይመስሉህም፣ እነሱ ወርቃማ ጠጉር አንተ ሌላ፣ ይለዋል። ማቲያ ሕግ ሳይማር ሕግ ገብቶታል። የሕፃኑን ልብስ የሚያውቀው ወላጅ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሌባም ያውቀዋል። ድሪስኮል በአጎትየው ታዞ ሕፃኑን የሰረቀው ሰው ነበር።

ልብሱ የት ነበር? እማማ ባርበረን ጋ። ከስምንት ዓመት በላይ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። የቤተሰቡ ምልክት የነበረበት የጨርቁ ጥግ ተቆርጧል፤ ቀሪው ግን እንዳለ ነው፤ ዳንቴል ያለው ቆብ፣ ነጭ ካባ፣ የተጠለፈች ሚጢጢ ጫማ። ላሟን ሸጣለች፣ ይህን አልሸጠችም። በመጨረሻ ስዊዘርላንድ፣ ቬቬ በምትባል ከተማ፣ ወይዘሮ ሚሊጋን ባረፉበት ቤት፣ በር ይከፈትና እማማ ባርበረን ልብሱን ታቅፋ ትገባለች። ወላጅ እናት ልጇን ያገኘችው በዚህ ማስረጃ ነው።

ይህን ትዕይንት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የምትከስረው ማን ናት? አጎትየው ርስት ይከስራል፣ ይክሰር። እማማ ባርበረን ግን «ልጅሽ አይደለም» የሚለውን ማስረጃ በገዛ እጇ ተሸክማ፣ ከመንደሯ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ነው ያስረከበችው። ልብሱን ምድጃ ውስጥ ብትጥለው ማንም አያውቅባትም ነበር።

ላሟስ? ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። ከለንደኑ ጉዞ በፊት፣ ወራሽ ከመሆኑ በፊት፣ ሬሚና ማቲያ በየመንደሩ እየዘፈኑና እየተጫወቱ ሳንቲም ያጠራቅማሉ። ገበያ ወጥተው፣ የሚያውቅ ሰው ይዘው፣ ላም ይገዛሉ። መንገድ ላይ ሰርቃችሁ ነው ተብለው ይታሰራሉ፤ ሁለት ልጅ ላም እየነዳ ሲሄድ ማን ያምናል? ተፈትተው ላሟን ሻቫኖን ያደርሷታል፤ በሩሴት በረት ያስሯታል። እማማ ባርበረን ቤት ከገባች በኋላ ከበረቱ እምቧ ስትል ትሰማታለች።

የዚያ መጽሐፍ የውርስ ጉዳይ ለኔ ያለቀው እዚያ በረት ውስጥ ነው። የሚሊጋን ርስት፣ ግንቡና ባለአደራዎቹ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ትርፍ ነገር ነው። ማሎም ያን ክፍል ቶሎ ቶሎ ብሎ ነው የጨረሰው። ሬሚ አድጎ፣ የአኬንን ልጅ ሊዝን አግብቶ፣ እማማ ባርበረንን የልጁ ሞግዚት አድርጎ ያኖራታል። እዚህ ላይ ደራሲውን አልወድለትም። አያት ነበረች መሆን የነበረባት።

አሁን የኔን።

ደሴ ነው ያደግሁት። ወላጅ እናቴ ስትሞት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር ይባላል፤ አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወርዶ አልተመለሰም። የወሰደችኝ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት ናት። እታለም ነበር የምላት። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም፤ ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ ከጠላዋ ባጠራቀመችው ሁለት ክፍል ቤት ነበራት፣ የግሏ። ፊደል አልቆጠረችም። የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ በየሴሚስተሩ እዚያ መስመር ላይ ያለው የአውራ ጣቷ አሻራ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ቀለሙ እጇ ላይ እንዳይቀር በአመድ ታሸው ነበር።

ሕግ ስማር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ ለእረፍት ሄጄ «እታለም፣ ፍርድ ቤት ሄደን ጉዲፈቻውን እናጽድቀው» አልኳት። የተማርኩት ትኩስ ነበር። ሳቀችብኝ። «ወረቀት ልትወልድሽ ነው እንግዲህ? ልጄ ነሽ፤ ደሴ ሙሉ ያውቃል» አለች። እኔም አፈርኩ። ቤቷን የፈለግሁባት መሰለኝ። ዳግመኛ አላነሣሁትም።

በ1985 ዓ.ም. ሞተች። ኑዛዜ የላትም። የወንድሟ ልጅ ከገጠር መጥቶ የወራሽነት ማስረጃ ጠየቀ፤ እኔ ተቃወምኩ። ያሉኝን ካርዶች ሁሉ፣ ሃያ አራቱን አሻራ፣ ይዤ ቀረብኩ። ዳኛው አገላበጧቸው። «በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ውል አለሽ?» አሉኝ። የለኝም። ምስክር አለኝ አልኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ማሳደጓን ማንም አልካደም» አሉ። ፍርዱ ስሕተት አልነበረበትም። ያኔ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ይላል፤ በፍርድ ቤት ያልጸደቀ የጉዲፈቻ ውል ዋጋ የለውም። ዛሬ እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ያንኑ ነው የምፈርደው።

የወንድሟ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። «የምትፈልጊውን ዕቃ ውሰጂ» አለኝ። ሙቀጫውን ወሰድኩ። በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ፤ አንድ ጎኑ በዘነዘና ብዛት ስስ ብሏል፤ እስካሁን ቡናችን የሚወቀጠው በሱ ነው። ላም ሳልገዛላት ሞተች።

ያን ቀን ለልጄ የነገርኳት የማሎን ዘመን ሕግ ነው፤ በኛ አገር ግን ሕጉ ሌላ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ክልሎችም ያወጧቸው የየራሳቸው ሕጎች፣ ለእማማ ባርበረን ያልተከፈተውን በር ከፍተዋል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዕድሜያችሁ 25 ዓመት ከሞላ፣ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ አንዳችሁ ከሞላ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በጉዲፈቻ መውሰድ ይቻላል። በሕይወት ያሉ ወላጆቹ መስማማት አለባቸው። ፍርድ ቤቱም ለልጁ የሚበጅ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ ወለዳችሁት ነው የሚቆጠረው፤ ከሌሎች ልጆቻችሁ ጋር እኩል ይወርሳል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ወላጅ ያጣ ልጅ የሚያድገው እዚሁ፣ በጎረቤትና በዘመድ እጅ ነው። ብዙው ግን እንደ እታለም «ሰፈሩ ያውቃል» ብሎ ይተወዋል። ሰፈሩ ያውቃል፤ ምስክርም ሆኖ ይቀርባል፤ አይጠቅምም።

ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ አንዴ እንዲያውም የሕፃን ልብስ በፌስታል። ሁሉንም ተቀብዬ አያለሁ። መልሴን ግን ከማየቴ በፊት አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ያልወለዳችሁትን ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች፣ ልጁ 18 ሳይሞላው ፍርድ ቤት ሂዱ። 18 ካለፈው፣ ኑዛዜ ጻፉ። በገዛ እጃችሁ የምትጽፉት ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእናንተ የእጅ ጽሑፍ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። መጻፍ የማትችሉ ደግሞ በሰው አስጽፉና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ እናንተም ምስክሮቹም እዚያው ፈርሙበት። እታለም አራት ምስክር ከጠላ ቤቷ ሳትወጣ ታገኝ ነበር፤ አውራ ጣቷም እዚያ ላይ ይበቃ ነበር።